እናቴን ወደ ድሬዳዋ ላምጣቸው ወይስ ሐረር ይቆዩ?

ጥያቄ፦ በ60 ዓመታቸው ጡረታ የወጡት እናቴ ጀጎል ውስጥ በጥንታዊ የአደሬ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ አሁን ግን ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ወደሚገኘው ቤቴ ላምጣቸው፣ ወይስ እዚያው የምትረዳቸው ሠራተኛ ልቅጠርላቸው?

መልስ፦ የአደሬ ቤት ነደባ (የመቀመጫ መደቡ) ከፍና ዝቅ እያለ የተሠራ በመሆኑ ለታመመ ጉልበት አይመችም። ሆኖም አስቀድመው እናትዎን ራሳቸውን ይጠይቁ፤ አፎቻቸውን (እንደ ዕድር ያለ ማኅበራቸውን) እና ጎረቤቶቻቸውን ትተው የሚመጡ አረጋዊት ምግብና መድኃኒት ቢሟላላቸው እንኳ ብቸኝነቱ ክፉኛ ይጎዳቸዋል። እኔ ብሆን ለመኝታቸው ደረጃ የሌለበት ክፍል አዘጋጅቼ፣ ሠራተኛ ቀጥሬ፣ በየሳምንቱ እየተመላለስኩ እጠይቃቸው ነበር።

መልስ፦ በዚህ አልስማማም፤ ሌሊት ቢወድቁ ማን ይደርስላቸዋል? ይሁንና ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሙቀቷ ከሐረር ይበረታል፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸውን ያማክሩ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ቀዝቃዛ ወቅት አምጥተው ያቆዩአቸውና ይለዩት። ሌላ ቤት መከራየት ካስፈለገም መጸዳጃው ለመኝታቸው የቀረበ፣ ከደቻቱ ወንዝ ዳር የራቀ ይሁን፤ የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ያደረሰውን እናውቃለን።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ለኅዳር እንዲመጡ ዛሬውኑ እጠይቃቸዋለሁ።