ዴንቨር ስትቆረቆር መሬቱ በሕግ የማን ነበር?

ጥያቄ (ዘአውሮራ)

ብዙዎቻችን በዴንቨርና በአውሮራ ኑሮ ከመሠረትን ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ስለ ኮሎራዶ የጥንት ዘመን የምንሰማው ወርቅ ተገኘ፣ ሕዝብ ጎረፈ፣ ከተማ ተቆረቆረ ከሚለው አያልፍም። እኔን ያላጠገበኝ ሕጋዊው ጉዳይ ነው። ኮሎራዶ በግዛትነት የታወቀችው በ1861፣ ሙሉ ክፍለ ግዛት የሆነችው ደግሞ በ1876 ከሆነ፣ በ1858 ዴንቨርን የቆረቆሩት ሰዎች መሬቱን የወሰዱት ከማን ነው? የፈቀደላቸውስ ማን ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

መልስ (አንባቢው)

ውድ ጠያቂ፣ ማንም አልፈቀደላቸውም። በ1851 በፎርት ላራሚ በተፈረመው ውል የአሜሪካ መንግሥት ከሰሜን ፕላት ወንዝ እስከ አርካንሳስ ወንዝ የተዘረጋው ሜዳ ሻየንና አራፓሆ የተባሉት የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አገር መሆኑን ተቀብሎ ነበር፤ ዴንቨር ያለችበት ቦታም በዚሁ ውስጥ ነው። በአስተዳደር ካርታ ላይ ግን ስፍራው የካንሳስ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ ነበር። ስለዚህም ዊልያም ላሪመር በኖቬምበር 1858 በቼሪ ክሪክ ዳር ከተማውን ሲመሠርት፣ የካንሳሱን ገዥ የጄምስ ዴንቨርን ሞገስ ለማግኘት በስሙ ሰየማት። ሰውየው ያን ጊዜ ሥልጣኑን ለቅቆ ነበርና ድካሙ ከንቱ ቀረ።

ወርቁም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ከወሬው ያነሰ ነበር። በ1858 የበጋ ወራት ከጆርጂያ የመጣው የግሪን ራስል ቡድን ያገኘው ጥቂት የደለል ወርቅ ብቻ ቢሆንም፣ በ1857ቱ የገንዘብ ቀውስ ሥራውንና ንብረቱን ያጣው ሕዝብ ለማመን ዝግጁ ስለ ነበር፣ የሚዙሪ ወንዝ ከተሞች ነጋዴዎችም ስንቅና መሣሪያ ለመሸጥ ሲሉ ነገሩን ስላጋነኑት፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሰው ጉዞ ጀመረ፤ ከዚያም ብዙው ባዶ እጁን ተመለሰ። በሜይ 1859 ጆን ግሪጎሪ ከተራራው ዐለት ውስጥ ወርቅ ባያገኝ ኖሮ፣ በእኔ ግምት ዴንቨር ወና ትቀር ነበር። የቀሩት ሰፋሪዎች የካንሳስ ሹማምንት ስለ ራቋቸው «የጄፈርሰን ግዛት» የሚባል፣ ኮንግረስ ያላጸደቀው መንግሥት በገዛ ፈቃዳቸው አቋቋሙ።

መልስ (ደቡብ)

ከላይ የተሰጠው መልስ ለሰሜኑ ትክክል ነው፤ ታሪኩን ከወርቅ መጀመር ግን ደቡቡን ያስረሳል። ሳን ልዊስ የተባለችው ከተማ ከዴንቨር 7 ዓመት ቀድማ፣ በ1851፣ ከኒው ሜክሲኮ በመጡ ስፓንኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ተመሥርታለች። በ1852 የቆፈሩት የመስኖ ቦይ ዛሬም በኮሎራዶ የውኃ መብት ተራ ቀዳሚ ነው። ሰፈራቸው የተመሠረተው ቀድሞ የሜክሲኮ መንግሥት በሰጠው ርስት ላይ ነበር፤ ያም ቢሆን የዩት ሕዝብ አገር ነበር።

ዘአውሮራ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ የ1851ዱ ውል መጨረሻው ምን ሆነ? በሕግ ተሻረ?

መልስ (ነባሩ)

በላዩ ሌላ ውል ተደረበበት። በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1861 በፎርት ዋይዝ ብላክ ኬትልን ጨምሮ ጥቂት አለቆች የፈረሙት ውል የሁለቱን ሕዝቦች ይዞታ ከቀድሞው አንድ አሥራ ሦስተኛ በታች አደረገው። የኮሎራዶ ግዛት በኮንግረስ የተቋቋመችው ከዚያ 10 ቀን በኋላ ነው፤ ይህ መቀራረብ ድንገተኛ አይመስለኝም። ከሻየኖች ብዙዎቹ ግን ፈራሚዎቹ እኛን አይወክሉም በማለት ውሉን ሳይቀበሉ በአደን አገራቸው ቆዩ።

በኖቬምበር 29 ቀን 1864 ኮሎኔል ጆን ቺቪንግተን የሚመራው ጦር በሳንድ ክሪክ የሰፈረውን፣ ሰላም መፈለጉን አስታውቆ የአሜሪካን ባንዲራ የሰቀለውን የብላክ ኬትልን መንደር ጎሕ ሲቀድ ወረረ። ወደ 230 ሰው ተገደለ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። ጭፍራው እንዳይተኩስ የከለከለው ካፒቴን ሳይላስ ሶል ስለዚህ ጭፍጨፋ በተደረገው ምርመራ ላይ ከመሰከረ በኋላ፣ በኤፕሪል 1865 በዴንቨር መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። የኮሎራዶ ግዛት ገዥ ጆን ኤቫንስም በዚያው ዓመት ሥልጣኑን እንዲለቅ ተደረገ።

በ1867 የሜዲሲን ሎጅ ውል ሻየንና አራፓሆ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር እንዲሄዱ ተወሰነ። አሁን በኮሎራዶ ውስጥ የራሳቸው ክልል ያላቸው በደቡብ ምዕራብ ጥግ የሚገኙት ሁለቱ የዩት ነገዶች ብቻ ናቸው።