እናቴን አብሯት የሚኖረው ዘመድ እየጎዳት ይመስለኛል፤ ከሩቅ ሆኜ ምን ላድርግ?

የቀበና ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፣ አዲስ አበባ ቀበና በራሷ ቤት ትኖራለች። አባቴ ካረፈ በኋላ ብቻዋን እንዳትሆን ብለን የአጎቴ ልጅ አብሯት ገባ፣ ሦስት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ላይ በጣም ደስ ብሎን ነበር። በየወሩ ብር የምልከው በእሱ ስም ነው። ጡረታዋንም የሚያወጣላት እሱ ነው፣ ለዚያ ብላ ውክልና ሰጥታዋለች።

አሁን ግን ልቤ እረፍት አጣ። ስደውል ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው። ከሰጣትም የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ አጠገቧ ይቀመጣል። ድሮ ስልክ ከያዘች የሰፈሩን ወሬ ሳትጨርስ የማትዘጋ ሰው፣ አሁን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ዝም። ቤተክርስቲያን መሄድ ትታለች። መነጽሯ ከፋሲካ በፊት ተሰብሮ እስካሁን አልተሠራም፣ ብሩን ግን ያኔውኑ ልኬያለሁ። ባለፈው ሳምንት የእድሯ ጸሐፊ ሊጠይቋት ሄደው «ተኝታለች» ተብለው ከበር ተመለሱ። ይባስ ብሎ ትናንት ደውሎ «የቤቱ ካርታ የት ነው ያለው?» አለኝ።

መታት ማለት አልችልም፣ አላየሁም። ወንድሜ «ዘመድ ከሰን የት እንገባለን» ይላል። እንዲህ ያለ ነገር በሕግ ይያዛል? ከየት ልጀምር?

የሰፈር ሰው፦

እህቴ፣ ልብሽ የነገረሽን አትናቂው። በአክስቴ ደርሶብናል። እኛ ቁስል ካላየን ምንም የለም ብለን ተቀመጥን። ለካ ምልክቱ ሌላ ነበር። ጥያቄ ስንጠይቃት መጀመሪያ አብሯት የሚኖረውን የገዛ ልጇን ፊት ታያለች፣ ከዚያ ነው የምትመልሰው። የደም ግፊት መድኃኒቷ ወሩ አልቆ እሽጉ አልተነካም። ነጠላዋ እንኳ ሳይታጠብ የማትወጣ ሴት፣ ቆሽሻ ነው ያገኘናት። የምትበላውን ቆጥሮ ነበር የሚሰጣት። እሷ ደግሞ «ልጄን ሰው እንዳይጠላብኝ» ብላ ለማንም አልተናገረችም። ይሄ ነው ትልቁ ነገር፣ ተጎጂዋ ራሷ ትሸፍነዋለች፣ ከመጎዳቱ ይልቅ ማፈሩ ይብስባታል።

አሁን የሚያስፈልገው እናትሽን ብቻዋን የሚያገኛት ሰው ነው። የንስሐ አባቷን ለምኚ፣ ለእሳቸው በር ለመዝጋት ይከብደዋል። ከተቻለ ደግሞ አንዲት ሴት ዘመድ ሄዳ ገላዋን ታጥባት። እኛ የአክስቴን ክንድ ያየነው ያኔ ነው።

የሕግ ሰው ከአዲስ አበባ፦

ጠበቃ ነኝ። እህቴ፣ ካርታውን መጠየቁ ነው እኔን ያስደነገጠኝ። ሌላው ሁሉ ይቆይና ውክልናው ላይ ምን እንደተጻፈ ዛሬውኑ አጣሪ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አያበቃም፣ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ችግሩ ብዙ ውክልና ላይ «መሸጥ መለወጥ» የሚለው ቃል አብሮ ይታተማል፣ እናቶቻችን ደግሞ «ለጡረታ ነው» ተብለው ሳያነቡ ይፈርማሉ። እንዲህ ቤታቸውን ያጡ ሰዎች ገጥመውኛል።

ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ምክንያት እንድትናገር የሚያስገድዳት የለም። መታወቂያዋን ይዛ ውልና ማስረጃ ትሄዳለች። መሄድ ካልቻለች ሠራተኛ ያለችበት ድረስ እንዲመጣ መጠየቅ ይቻላል። መሻሩ ብቻ ግን አይበቃም። ለልጁ በጽሑፍ ይድረሰው፣ ለባንኩም፣ ለክፍለ ከተማው መሬት አስተዳደርም ግልባጩ ይግባ፣ ምክንያቱም መሻሩን የማያውቅ ገዢ በቅን ልቦና ገዛሁ ብሎ ሊከራከር ይችላል። ቤቱ ሊሸጥ ነው የሚል ተጨባጭ ስጋት ካለ ክስ መሥርቶ ፍርድ ቤቱን የእግድ ትዕዛዝ መጠየቅ ነው። ተታላ ወይም ተገዳ የፈረመችው ነገር ካለም ቶሎ በሉ፣ ውል ይፍረስልኝ የሚባለው ክስ ገደቡ 2 ዓመት ነው።

ለራሷ የተላከውን ብር ለራሱ ካዋለ እምነት ማጉደል ይባላል፣ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 675 ነው። የላክሽበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጪ። ድብደባ ካለ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ሄዳ የሕክምና ማስረጃ ታውጣ፣ ሰንበር ቶሎ ይጠፋል።

ስለ ገንዘብ አታስቢ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ያለ ክፍያ ያግዛል። የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል።

ታላቅ ወንድም፦

ይቅርታ፣ እኔ የወንድምሽ ሐሳብ ይገባኛል። ፍርድ ቤት የገባ ቤተሰብ ተመልሶ አንድ ማዕድ አይቆርስም። መጀመሪያ ሽማግሌ ይላክ፣ ልጁም እኮ ሦስት ዓመት ኑሮውን ትቶ እሷን ሲያስታምም ነበር፣ ደክሞት ይሆናል።

የሕግ ሰው ከአዲስ አበባ፦

ወንድሜ፣ ሽማግሌን አልቃወምም። ደክሞት ከሆነም እሰየው፣ ሠራተኛ ይቀጠርላት። ነገር ግን ውክልናው እጁ ላይ እያለ ሽማግሌ መላክ «ነቅተንብሃል፣ ቶሎ ሽጥ» ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ ውክልናው ይሻር፣ ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጥ። ደግሞ እሷ በሌለችበት ስለ እሷ አትወስኑ። እርጅና ብቻውን ሰውን ከመብቱ አያወጣም። አእምሮዋ ደህና ከሆነ ቃሉ የእሷ ነው።

ከቨርጂኒያ፦

ትንሽ ከርዕሱ ልውጣ። ይሄ ነገር እዚህ አሜሪካም በእኛ ሰው ቤት አለ። ልጅ ለመጠበቅ ብለው ያመጧቸው እናቶች ፓስፖርታቸው ተቀምጦባቸው፣ እንግሊዝኛ አይችሉ፣ «ከተናገርሽ አስመልስሻለሁ» እየተባሉ የሚኖሩ አሉ። ይሄ ውሸት መሆኑን ንገሯቸው። ግሪን ካርድ የያዘን ሰው ያመጣው ልጅ ተነስቶ አያባርረውም። እንዲያውም ሲያመጣቸው «እደግፋቸዋለሁ» ብሎ የድጋፍ ወረቀቱን የፈረመው ሰው በሕግ ተጠያቂ ነው። በየስቴቱ ተጎጂ አረጋውያንን የሚከታተል የመንግሥት ክፍል አለ፣ ለመጠቆም ማስረጃ መያዝ አይጠበቅባችሁም፣ ጥርጣሬ ይበቃል። የት እንደምትደውሉ ካላወቃችሁ 1-800-677-1116 አካባቢያችሁ ካለው ቢሮ ያገናኛችኋል፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ 911።

የቀበና ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ የንስሐ አባቷ ገብተው ነበር። ልጁን ጸበል እንዲያመጣ ልከውት ስልካቸውን ሰጧት። ከስንት ወር በኋላ ብቻዋን አገኘኋት። መጀመሪያ አለቀሰች። ከዚያ «ያንን ወረቀት መመለስ ይቻላል እንዴ? እኔ እኮ አንዴ ከፈረምኩ አለቀ መስሎኝ ነው» አለችኝ። ሰኞ ጠዋት ከእድሯ ሁለት ሰዎች በመኪና ይዘዋት ውልና ማስረጃ ይሄዳሉ። ወንድሜም ትናንት ማታ ደውሎ «ግልባጩን ለባንኩ የማደርሰው እኔ ነኝ» አለ።