ደሴ ላይ ለቤት ጥገና ማንን ልጥራ ላላችሁ፦ ሦስት ዓይነት ሠራተኛ አይቼ የምጠቁመው

እናቴ ቤት ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ዓይነት ሠራተኛ አስገብቼ ልዩነቱን በገንዘቤ አውቄዋለሁ። ቤቱ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ያለ፣ በባሕር ዛፍ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ አሮጌ ቤት ነው። የብዙዎቻችሁም ቤት እንዲሁ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ያመጣሁት ሠራተኞቹን ይዞ የሚመጣ ተቋራጭ ነበር። ዋጋ የነገረኝ በር ላይ ቆሞ ነው፤ ጣራው ላይ አልወጣም፣ ጓሮውንም አልዞረም። ጣራው ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት አለኝ፤ ለዚያ አቅም ስላልነበረኝ ግድግዳውን ብቻ ሰጠሁት። ቀብድ ተቀብሎ ጭቃውን በሲሚንቶ ለስኖ በአራት ቀን ወጣ። ሲያዩት ያምር ነበር። ክረምቱ ሳይጋመስ ግን ልስኑ እንደ ቅርፊት እየተነሣ፣ በእጅ ሲነካ ይረግፍ ጀመር። ጭቃና እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም። ወንፊት ሽቦ በምስማር ሳይወጠርበት በቀጥታ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳ የሚደርስበት ይኸው ነው። ስደውልለት ስልኩን አላነሣም።

ቀጥሎ የመጣው ቀለም ቀቢ ነው። ልጁ እጁ ንጹሕ ነው፣ ስቱኮ አስተካክሎ ይቀባል፤ ለደረቅ ክፍል ዛሬም እጠራዋለሁ። የታችኛውን እርጥበት ግን በዘይት ቀለም እንሸፍነው አለኝ፣ እኔም ተስማማሁ። ቀለሙ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖት በሁለት ወር ውስጥ እንደ ቃጠሎ ቁስል አኮፈኮፈ።

የምጠቁማችሁ ሦስተኛውን ነው። ሰፈር ለሰፈር የሚጠግኑ፣ ግንበኝነትም አናጢነትም የቧንቧ ሥራም የሚችሉ፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሰው ናቸው። ሲመጡ ስለ ዋጋ አንድም ቃል አልተነፈሱም። እናቴን፣ «የሚያፈስሰው ቀጥ ብሎ ሲዘንብ ነው ወይስ ነፋስ ሲቀላቅል?» ብለው ጠየቋት።

«ነፋስ ከጦሳ ተራራ በኩል ሲመጣ ነው፤ ጋሼ፣ ይኸው ሦስት ክረምት እንቅልፍ የለኝም» አለቻቸው።

«አብሽሪ እህቴ፣ ይገኛል።»

መሰላል ዘርግተው በጆግ ውሃ ይዘው ወጡ። እኔን ባትሪ አስይዘው ከኮርኒሱ በላይ አስገቡኝ። አንዱን የምስማር መስመር ያርሱና «አለ?» ይላሉ፤ «የለም» እላለሁ፤ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ኮርኒሱ ቢጫ ክብ ከሠራበት ቦታ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ፣ አንዲት ጠብታ በእንጨቱ ላይ እንደ ዶቃ ተንሸራትታ ስትወርድ አየሁ። ለካ ውሃው እንጨት ተከትሎ ነበር የሚመጣው፤ እኛ ሦስት ዓመት ሙሉ ባልዲ የምንደቅነው ከቀዳዳው ሌላ ቦታ ነው። የድሮው አናጢ ምስማሩን ውሃ በሚወርድበት የቆርቆሮው ቦይ ላይ መትቶታል። መመታት የነበረበት ጉብታው ላይ ነው። የላሉትን ነቅለው በባለ ጎማ ምስማር ተኩ፣ የተቀየረው ቆርቆሮ አንድ ብቻ ነው።

ከዚያ ጓሮ ዞሩ። የደሴ መሬት ተዳፋት ነው፤ ከላይ ካለው ጎረቤት የሚወርደው ውሃ ሁሉ የሚጠራቀመው በኋላው ግድግዳችን ሥር ነበር። ቦይ ቆፍረው ውሃውን በጎን አስወጡት። በጭድ የተቦካ ጭቃ መርገው፣ ደርቆ እስኪያልቅ ቀለም እንዳናስነካው አስጠነቀቁን። ያለፈው ክረምት ግድግዳው ደረቅ ሆኖ አለፈ፤ እናቴም አልጋዋን ወደ ቦታው መለሰች።

የእሳቸውን ሐቀኝነት ይበልጥ ያየሁት በኤሌክትሪክ ምጣዱ ነው። ሶኬቱ እየጋለ ስለነበር እዩልኝ ስላቸው፣ «ይኼ የእኔ ሙያ አይደለም» ብለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አመጡልኝ። ምጣዱ በቀጭኑ በ2.5 ካሬ ሽቦ ከሌሎች ሶኬቶች ጋር ተቀጥሎ ነበር፤ ልጁ በወፍራሙ በ4 ካሬ የራሱን መስመር ከነብሬከሩ ዘረጋለት። ሁሉን እችላለሁ የሚል ሰው ቢሆን ኖሮ ሶኬቱን ብቻ ለውጦ ይሄድ ነበር።

ጉድለትም አላቸው። የሚሠሩት ከአንድ ረዳት ጋር ስለሆነ ይዘገያሉ፤ አርብ ከጁምዓ በኋላ አይገኙም። አዲስ ቤት ለሚያቆም ወይም ሙሉ ጣራ ለሚቀይር ተቋራጭ ይሻላል፤ ብቻ ጣራው ላይ ሳይወጣ ዋጋ የሚጠራውን አታስገቡ። ክፍያን በተመለከተ፣ መጠኑ ለሚታወቅ ሥራ፣ ለምሳሌ ለልስን፣ በቁርጥ ተዋዋሉ። ፍሳሽ ፍለጋን ግን በቀን ሒሳብ አሠሩ፤ በቁርጥ የያዘ ሰው ለመፈለግ ትዕግሥት አይኖረውም።

ዕቃ ለምትገዙ፦ ቆርቆሮ ላይ የጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራልና ባለ 32ቱ ረከሰ ብላችሁ አትቸኩሉ። ነፋስ ለሚያገኘው ቤት 28ን እመርጣለሁ። ቧንቧ ላይ ፒፒአር የሚባለው ፕላስቲክ እንደ ብረቱ አይዝግም፣ ነገር ግን ፀሐይ ስለሚጎዳው ደጅ ያለው ክፍል መቀበር ወይም መሸፈን አለበት። ሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚያደርቀው እዚያ ያላችሁ ጠዋትና ማታ አጠጡት።

ጊዜውንም አስቡበት። አዲስ አበባ የለመደ ሰው የጣራ ሥራ እስከ ግንቦት ይቆያል ይላል። ወሎ ግን በልግ አለን፤ ከየካቲት ጀምሮ ሊዘንብ ስለሚችል የጣራ ሥራ በጥር ማለቅ አለበት።

ስልካቸውን በአደባባይ አላወጣም፤ ለብቻ ለሚጠይቀኝ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ከሐይቅ ከተማ ለጠየቃችሁኝ፣ ትራንስፖርት ከቻላችሁ ይመጣሉ። ኅዳርን ግን ለእኛ ወጥ ቤት ቀጥረናቸዋል፤ ጭስ መውጫው ቀርቶናል።