ኤል ኤም 358 ከ3.6 ቮልት በላይ አልወጣ አለ፤ እንቁላሎቹ ከመጠን በላይ እየሞቁብኝ ነው

ጠያቂ (አዘዞ፣ ጎንደር)፦
እባካችሁ ቶሎ የሚረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። ቤት ውስጥ በሠራሁት ማስፈልፈያ 40 እንቁላሎች ካስገባሁ ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው። እስከ ትናንት አምፖሉን በእጄ እያበራሁና እያጠፋሁ ስጠብቃቸው ቆይቼ፣ ማታ ሥራውን ለአርዱኢኖ (በኮድ ለሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ሰጠሁት። የሙቀት መለኪያው ኤል ኤም 35 ሲሆን፣ የሚያወጣውን ትንሽ ቮልቴጅ ኦፕ አምፕ በሚባለው ማጉያ አይሲ፣ በኤል ኤም 358፣ አጎላዋለሁ። ሳጥኑ ቀዝቃዛ በነበረበት ጊዜ 22 ዲግሪ ብሎ በትክክል አንብቧል። ጠዋት ስነሳ ግን ስክሪኑ 32.7 ላይ ቆሟል፣ አምፖሉ አልጠፋም፣ የመስታወቱ ቴርሞሜትር ደግሞ 40 ይላል። ምን አጥፍቼ ነው?

ሬዲዮ ጠጋኝ (ፒያሳ)፦
አይሲው ተቃጥሏል። ከአሮጌ ዩፒኤስ ቦርድ ላይ ሌላ 358 ነቅለው ይቀይሩት።

ጠያቂ፦
ሁለት ጊዜ ቀየርኩት፤ ሁለቱም እዚያው 32.7 ላይ ይቆማሉ።

የፊዚክስ መምህር፦
አይሲው ከመወቀሱ በፊት አሠራሩን እንመልከት። ኦፕ አምፕ በመደመሪያውና በመቀነሻው መግቢያ መካከል ያለውን ልዩነት እጅግ ብዙ ጊዜ ስለሚያጎላ፣ ብቻውን ከተተወ ወይ ላይኛው ጫፍ ወይ ታችኛው ጫፍ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ከመውጫው ጥቂቱን በሁለት ረዚስተሮች ከፍለን ወደ መቀነሻው መግቢያ እንመልስለታለን። የሚያጎላው መጠን የሚገኘው ከመውጫው የሚመለሰውን ረዚስተር ወደ መሬት ለሚወርደው አካፍለን አንድ ስንደምርበት ነው። ይሁንና ስሌቱ የሚሠራው የኃይል ምንጩ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነው፤ ኦፕ አምፕ የሌለውን ቮልቴጅ አይፈጥርም፣ ከተሰጠው ላይ እየቆነጠረ ያወጣል እንጂ። እርስዎ ዋናውን ነገር አልነገሩንም፦ ረዚስተሮቹ ስንት ስንት ናቸው? ለአይሲው የሚሰጡትስ ስንት ቮልት ነው?

ጠያቂ፦
ይቅርታ መምህር፣ ግልጽ መስሎኝ ነው። ረዚስተሮቹ 100 ኪሎ ኦምና 10 ኪሎ ኦም ናቸው። ኃይሉ ከስልክ ቻርጀር የሚመጣው 5 ቮልት ነው። የአይሲውን አንደኛ ፒን በቴስተር ስለካው 3.6 ቮልት ይላል፤ አምፖሉ በበራ ቁጥር ያው ነው፣ ንቅንቅ አይልም።

ሬዲዮ ጠጋኝ (ፒያሳ)፦
እንግዲያውስ 741 የሚባለውን ሌላ ኦፕ አምፕ ይሞክሩ፤ እኔ ጋ ሁለት አለ፣ መጥተው ይውሰዱ።

የአምፕሊፋየር ሠሪ (ማራኪ)፦
ወንድሜ፣ ደግነትዎን አደንቃለሁ፤ 741 ግን ነገሩን ያባብሰዋል። የተሠራው ፖዘቲቭና ነጌቲቭ 15 ቮልት ለሚሰጥ ምንጭ ስለሆነ፣ በ5 ቮልት ብቻ ሲሠራ ለመሬት የቀረበ ግብዓት አይቀበልም፤ የኤል ኤም 35 ቮልቴጅ ደግሞ እዚያው ታች ነው።

ችግሩ ያለው ከቁጥሩ ላይ ነው። ኤል ኤም 35 ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊ ቮልት ይሰጣል። የእርስዎ ማጉያ 11 እጥፍ ስለሚያደርገው በ22 ዲግሪ 2.42 ቮልት ይወጣል፤ ይህን ይችለዋል። እንቁላሎቹ በሚፈልጉት 37.5 ዲግሪ ግን 4.125 ቮልት ሊያወጣ ይገባዋል። ኤል ኤም 358 ከተሰጠው 5 ቮልት ላይ አንድ ተኩል ቮልት ገደማ ለራሱ ስለሚያስቀር እዚያ ድረስ አይወጣም። 3.6ን ለ0.11 ያካፍሉት፤ 32.7 ይመጣል። ስክሪንዎ ላይ የቆመው ቁጥር ይኸው ነው፤ አርዱኢኖውም ሳጥኑ ገና አልሞቀም ብሎ አምፖሉን አያጠፋም።

አሁኑኑ አምፖሉን ይንቀሉ። ከዚያ 100 ኪሎ ኦሙን በ47 ኪሎ ኦም ይተኩ። ማጉያው 5.7 እጥፍ ይሆንና በ37.5 ዲግሪ 2.14 ቮልት ያህል ያወጣል። ለአይሲው 9 ቮልት መስጠትም ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም፤ የመለኪያው ሽቦ አንድ ቀን ቢላቀቅ ከ5 ቮልት በላይ ወደ አርዱኢኖው ይገባል።

ኮድ ጸሐፊ፦
እኔ ከመነሻው አልስማማም። ለምን ይጎላል? አርዱኢኖ ኡኖ ከሆነ 5 ቮልቱን በ1024 ደረጃ ስለሚከፍል አንዱ ደረጃ ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው፤ ለዚህ ብለው ነው ያጎሉት። ነገር ግን ቺፑ በ5 ቮልቱ ፈንታ ለልኬት የሚሆን የራሱ የ1.1 ቮልት ማነጻጸሪያ አለው። በኮዱ ውስጥ እሱን ቢመርጡ አንዱ ደረጃ የዲግሪ አንድ አሥረኛ ገደማ ይሆናል፤ ኦፕ አምፑም ረዚስተሮቹም አያስፈልጉም።

የአምፕሊፋየር ሠሪ (ማራኪ)፦
ልክ ነዎት፤ ከባዶ የሚጀምር ሰው እንዲያ ቢያደርግ ይሻለዋል። እሳቸው ግን እንቁላሎቹ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ሁሉን አፍርሶ ከመሥራት አንድ ረዚስተር መቀየር ይቀላል።

ሬዲዮ ጠጋኝ (ፒያሳ)፦
የሚመለሰው ረዚስተር ብየዳውም ይታይ፤ ቀዝቃዛ (በደንብ ቀልጦ ያልያዘ) ብየዳ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሳብዳል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምፖሉን ነቅያለሁ፣ ሳጥኑ 38 ላይ ወርዷል። 47 ኪሎ ኦም ከተበላሸ ሬዲዮ ላይ አግኝቻለሁ፤ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ ነው፣ በቴስተር 46.8 አነበበልኝ። ልበይደው ብዬ ካውያውን ስሰካ መብራት ሄደ። እስኪመጣ ድረስ እንቁላሎቹን በጋቢ ሸፍኜ ከጎናቸው የሞቀ ውኃ በጀሪካን አድርጌያለሁ።

የአምፕሊፋየር ሠሪ (ማራኪ)፦
መብራቱ ሲመጣ ኮዱን አይርሱ። ቀድሞ በ110 ሚሊ ቮልት ሲያካፍሉ የነበረውን በ57 ያካፍሉ፤ አለዚያ 37.5 ዲግሪውን 19 ብሎ ያነብብዎትና አምፖሉ ዳግመኛ ሳይጠፋ ያድራል።