ጥቆማ፦ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ባለ ሸክላ ጣሪያ (ስፓኒሽ፣ ሜዲትራኒያን) ቤት ውጩን ስታሳድሱ ምን ይሻላል?

እንዲህ ዓይነት ቤት የገዛችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖች “ጣሪያውን ለማን ልስጥ፣ ግድግዳውን ቀለም ልቀባው ወይስ ስታኮ (የሲሚንቶ ልስን) ላስመታው፣ መስኮቱንስ?” እያላችሁ ስለምትጠይቁ የማውቀውን ሰብስቤ ልጻፈው። የማወራው ስለ ሎስ አንጀለስና ስለ አካባቢዋ ነው። ክረምቱ በረዶ የሆነባችሁ ስቴት ያላችሁ ሰዎች ዕቃውም ሕጉም ስለሚለያይ እንዳለ አትውሰዱት።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ፦ የድሮው ቀይ ሸክላ ደኅና ከሆነ አታስጥሉት። ጣሪያ ሠሪ መጥቶ “አርጅቷል፣ ሙሉ በሙሉ ይቀየር” ሲላችሁ ብዙ ጊዜ ያረጀው ሸክላው ሳይሆን ከሥሩ የተነጠፈው፣ አንደርሌይመንት የሚሉት ውሃ መከላከያ ነው። ሸክላው ፀሐዩንና አብዛኛውን ዝናብ ይመልሳል፤ ነፋስ ገፍቶ የሚያስገባውን ውሃ የሚይዘው ግን ያ ንጣፍ ነው። ንጣፉ ከ20 እስከ 30 ዓመት ገደማ ያገለግላል። ጥሩ ሸክላ ደግሞ ከ75 ዓመት በላይ ይቆያል። ስለዚህ የምትጠይቁት ሥራ “ሊፍት ኤንድ ሪሌይ” ይባላል። ሸክላው በጥንቃቄ ይነሳና ይደረደራል፤ የበሰበሰ እንጨት ካለ ይቀየራል፤ አዲስ ንጣፍና በጣሪያው ሸለቆዎች (ሁለት ተዳፋቶች በሚገናኙበት) እና በጭስ ማውጫው ዙሪያ አዲስ ፍላሺንግ፣ ማለትም ውሃ የሚመልስ ቆርቆሮ፣ ይገባል፤ ከዚያ ያው ሸክላ ይመለሳል። ሲነሳ የሚሰባበር ስለማይጠፋ ምትክ ያስፈልጋል። እሱን ያገለገሉ የግንባታ ዕቃዎች ከሚሸጡ ቦታዎች መፈለግ ይቻላል። አዲስ ከተገዛም አዲሱን በጓሮ በኩል፣ አሮጌውን በመንገድ በኩል አድርጉ በሏቸው።

ይህን ሥራ ለማን መስጠት? አስፋልት ሺንግል (ቀላሉን የአስፋልት ጣሪያ ልባስ) ብቻ ሲሠራ ለኖረ ድርጅት ዋጋው ቢረክስም አልመክርም፤ ሸክላ ላይ አረማመዱ ራሱ ልምድ ይጠይቃል። ሸክላ ላይ የሚያተኩር ሰው ፈልጉና ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ ምን ዓይነት ንጣፍ ነው የምታነጥፈው፣ ስንት ድርብ? የሸለቆውን ቆርቆሮ ትቀይራለህ ወይስ በአሮጌው ላይ ትሄዳለህ? ከመሸፈንህ በፊት የእንጨቱን ፎቶ ታሳየኛለህ? መልሱን በጽሑፍ፣ ከዋጋ ግምቱ ጋር ተቀበሉ። አፉን ሞልቶ የማይመልስ ከሆነ ቀጣዩን ጥሩ።

ሸክላው በእርግጥ ያለቀለት ከሆነ ወይም አዲስ ቤት እየሠራችሁ ከሆነ ምርጫው በሦስት ይከፈላል። እውነተኛ የተተኮሰ ሸክላ አንደኛ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥንታዊው አምራች ሊንከን ከተማ ያለው ግላዲንግ መክቢን ነው፤ ከ1875 ጀምሮ አለ። ታሪካዊ ቤት ላላቸው የምጠቁመው እሱን ነው፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ቀረብ ያለው ኮሮና የሚገኘው ኤምሲኤ ነው። ሁለተኛው የኮንክሪት ታይል ነው፤ እዚህ በብዛት የምታዩት ሪያልቶ ያለው ኢግል ነው። ጠንካራና ረከስ ያለ ነው፣ ነገር ግን ቀለሙ ላይ ላዩን ብቻ የተቀባው ዓይነት ከዓመታት በኋላ በፀሐይ ይደበዝዛል፤ እስከ ውስጥ ድረስ ቀለም የገባበትን ጠይቁ። ሦስተኛው ድንጋይ የተረጨበት ብረት ነው።

ውበቱን ብቻ ካያችሁ ሦስተኛውን አትመርጡትም። ክብደቱን ስታዩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሸክላና መደበኛ ኮንክሪት በስኩዌር ፊት ከ9 እስከ 12 ፓውንድ ይመዝናሉ፤ ብረቱ 1.5 ፓውንድ ገደማ ነው። ቤታችሁ ከመጀመሪያው ለአስፋልት ሺንግል የተሠራ ከሆነ ያን ሁሉ ጭነት ከላይ መጫን የመሬት መንቀጥቀጥ ባለበት አገር ቀልድ አይደለም። ስትራክቸራል ኢንጂነር (የቤቱን የመሸከም አቅም የሚያሰላ መሐንዲስ) ሳያየው “ግድ የለም፣ ይችላል” የሚላችሁን ኮንትራክተር አትመኑ። እንዲህ ላለው ቤት ቀለል ያለውን ኮንክሪት ወይም ብረቱን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ከቅርብ ላሳያችሁ። ከትንሿ ኢትዮጵያ፣ ከፌርፋክስ፣ ወደ ምዕራብ ጥቂት ብትራመዱ ሳውዝ ካርቴይ የሚባለው ሰፈር ነው። እዚያ ስፓይሮስ ጆርጅ ፖንቲ የሚባል ግሪክ ተወላጅ ግንበኛ በ1930ዎቹ የሠራቸው ብዙ ቤቶች ቆመዋል። ጣሪያቸውን ተመልከቱ፦ አንዱ ሸክላ ብርቱካንማ፣ ጎኑ ያለው ቡናማ፣ ሌላው እሳት ላፍ አድርጎት ወደ ጥቁር ያደላ ነው። ከጠርዙ ላይ ደግሞ በሸክላዎቹ አፍ ውስጥ የተጠቀጠቀ ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ጭቃ) ታያላችሁ። አዲስ ስታዝዙ አንድ ወጥ ቀለም አትውሰዱ፤ ሁለት ሦስት ቀለም የተቀላቀለበትን “ብሌንድ” እዘዙ። ጣሪያው ነፍስ የሚዘራው ያኔ ነው።

የጠርዙ ሞርታር ለመልክ ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ 2025 በፓሊሴድስና በአልታዲና በኩል የደረሰውን ቃጠሎ ሁላችንም አይተናል። ሸክላ ራሱ አይቃጠልም፣ ነገር ግን አፉ ክፍት ከሆነ የወፍ ጎጆና ደረቅ ቅጠል ይጠራቀምበታል፤ በነፋስ የሚበር ፍም እዚያ ሲገባ ከሥር ያለው እንጨት ይያዛል። ስለዚህ የጠርዙ ቀዳዳ በሙሉ በሞርታር ወይም “በርድ ስቶፕ” በሚባለው የወፍ መከላከያ መዘጋት አለበት። ግድግዳው አናት ላይ የምታዩአቸው ክብ የሸክላ ቱቦዎችም የሰገነት አየር ማስገቢያ ከሆኑ ከውስጥ ጥቅጥቅ ያለ የብረት ወንፊት ይግባላቸው። ፍም የሚከላከሉ አየር ማስገቢያዎችን ከፈለጋችሁ ቩልካን እና ብራንድጋርድ የሚባሉት አሉ።

ወደ ግድግዳው እንሂድ። መጀመሪያ ውሃ ርጩበት። ውሃው ቶሎ ሰርጎ ግድግዳው ከጠቆረ ስታኮው ቀለም አልተቀባም ማለት ነው፤ እንደ ጤዛ ከላይ ከቀረ ተቀብቷል። ካልተቀባ እባካችሁ አትቀቡት። ፎግ ኮት የሚባለው በሲሚንቶ ላይ የተመሠረተ ስስ ርጭት ቀለሙን ያድሰዋል፣ ግድግዳውም እንደ ልቡ ይተነፍሳል። ቀደም ብሎ ከተቀባ ግን ፎግ ኮት አይዝለትም፤ ምርጫችሁ እንደገና ጥሩ ቀለም መቀባት ወይም ቀለሙን አስፍቆ አዲስ ፊኒሽ (የመጨረሻውን የላይ ልስን) ማስመታት ነው። ኤላስቶመሪክ የሚባለውን ወፍራም ቀለም የሚያሞግሱላችሁ ይበዛሉ። ስስ ስንጥቅ ይደፍናል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ውሃ በመስኮት ወይም በጣሪያ በኩል ከኋላው ከገባ መውጫ ያሳጣዋል። ፍሳሹን ሳታስጠግኑ እሱን አትቀቡ።

አዲስ ስታኮ ከሆነ ሦስቱ ድርብ ተሟልቶ ውፍረቱ ሰባት ስምንተኛ ኢንች መሆኑን፣ ሁለተኛው ድርብ ከተመታ በኋላም ቢያንስ 7 ቀን መጠበቁን ውሉ ላይ አስገቡ። ችኮላ ስንጥቅ ያመጣል። ከስታኮ አምራቾች ላሃብራ እና መርሌክስ ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ እኔ ከብራንዱ ይልቅ የሚመታውን እጅ አያለሁ። ለዚህ ዓይነት ቤት የሚያምረው “ሳንታ ባርባራ” የሚሉት ለስላሳ፣ የእጅ ሞገድ በትንሹ የሚታይበት ፊኒሽ ነው። ሻካራው ይረክሳል፣ ጉድለትም ይደብቃል፣ ግን አቧራ ይይዛል፣ የቤቱንም መልክ ያከብደዋል። ቀለም ስትመርጡ የላሃብራው ክሪስታል ዋይት በቀትር ፀሐይ ዓይን ይወጋል፤ ወደ ክሬም የሚያደላ ነጭ ከቀይ ሸክላ ጋር የበለጠ ይስማማል። ናሙናውን በትልቁ ግድግዳው ላይ አስመትታችሁ ጠዋትና ማታ እዩት።

መስኮት ላይ አጭር ነው። የዚህ ቤት ውበት መስኮቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጥላ መጣሉ ነው። ሰፊ ጠርዙ ከግድግዳው ጋር እኩል የሚለጠፈው የቪኒል መስኮት ያንን ጥላ ያጠፋዋል። የእንጨቱን መጠገን ከመቀየር ሊረክስ ስለሚችል መጀመሪያ ጠጋኝ ጥሩ።

አንዲት እህት “ቤቴ ኤችፖዝ ውስጥ ነው ተባልኩ፣ ምን ማለት ነው?” ብላ ጠይቃለች። እህቴ፣ ከተማው ታሪካዊ ገጽታቸው እንዲጠበቅ የለያቸው ሰፈሮች ናቸው፤ ከ30 በላይ አሉ፣ ሳውዝ ካርቴይና ካርቴይ ሰርክልም ከነሱ ናቸው። የውጭ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ከተማው ፕላኒንግ ክፍል ሄደሽ ማስፈቀድ አለብሽ። መስኮት ቀይረሽ ከጨረስሽ በኋላ መልሺው ቢሉሽ ወጪው ሁለት እጥፍ ነው።

አንድ ጋሼ ደግሞ “የታወቀ ሰው ያለ ላይሰንስ በርካሽ ይሠራልኛል፣ ምን ችግር አለው?” ብለዋል። ጋሼ፣ ይቅርብዎ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1,000 ዶላር ጀምሮ ያለ ሥራ ላይሰንስ ይፈልጋል። የጣሪያ ላይሰንስ ሲ-39፣ የስታኮ ሲ-35 ነው፤ ቁጥሩን ሲኤስኤልቢ በሚባለው የስቴቱ የኮንትራክተሮች ላይሰንስ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል፣ ልጆችዎ ይዩልዎት። ጣሪያ ሠሪ ሠራተኛ ባይኖረውም እንኳ ወርከርስ ኮምፕ (በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆን ኢንሹራንስ) ሊኖረው ግድ ነው። ሰው ከጣሪያዎ ቢወድቅ ዕዳው ወደ እርስዎ እንዳይመጣ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ ከጠቅላላው 10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው፣ እንዳይበልጥ ሕጉ ይከለክላል። ግማሹን አስቀድመህ ስጠኝ የሚልዎትን በሰላም ይሸኙት።

ስለ ዛፍ ለጠየቃችሁ፦ ረጅሙን የጣልያን ጥድ (ኢታሊያን ሳይፕረስ) ከግድግዳው አጠገብ አትትከሉ፤ ውስጡ ደረቅ ቅጠል አጭቆ ስለሚይዝ ሲነድ እንደ ችቦ ነው። ፍሬ የማያፈራውን ስዋን ሂል ወይራ ከቤቱ ራቅ አድርጋችሁ ብትተክሉ ይሻላል። ቦገንቪላ ሁላችንም እንወዳለን፣ በሽቦ ደግፉትና ከጣሪያው በታች ቁረጡት፤ ሸክላው ሥር ከገባ ያነሳዋል። የአበባውን አፈርም ስታኮው ላይ አትከምሩ፣ የስታኮው ታችኛ ጠርዝ ከአፈሩ ቢያንስ 4 ኢንች ከፍ ይበል።