የሯጮቹ ፊልም ፕሮፖዛል፦ እስከ እሁድ አብረን እንጨርሰው

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁም የማህበራችን አባላት። ባለፈው ስብሰባ የተነሳውን የዶክመንተሪ ሀሳብ ረቂቅ አድርጌዋለሁ። ባጭሩ ከደሴና ከኮምቦልቻ የወጡ የድሮ ሯጮችን ታሪክ የሚናገር የ20 ደቂቃ ፊልም ነው፣ ዳይሬክተሯም የራሳችን እህት፣ የቀድሞዋ ሯጭ ናት። ያልተስማማንበት ከየት ይጀምር እና ማን ማን ይቀረጽ የሚለው ነው። እዚሁ ጻፉልኝ፣ እኔ እያስገባሁ እሄዳለሁ።

ሰብሳቢ፦ ተባረክ። እኔ በአበበ ቢቂላ ቢጀምር ነው የምለው፣ ሮም 1960 በባዶ እግሩ፣ ከዛ ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ 1968፣ ከዛ ደራርቱ ባርሴሎና 1992። ሰው እነሱን ሲያይ ቁጭ ብሎ ይከታተላል፣ ከዛ ወደኛዎቹ እንመጣለን።

ዳይሬክተሯ፦ ጋሼ አክብሬዎት ነው ግን እዚች ላይ አልስማማም። የኦሎምፒክ ምስል ባለቤት አለው፣ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ነው፣ ከዩቲዩብ አውርደን ብናስገባው ፊልማችንን ያስወርዱብናል፣ በህግ እንግዛው ካልን ደግሞ አቅማችን አይደለም። ደግሞ የነሱን የሰራ ሰርቶታል። የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሎምፒክ ፊልም የሰራው ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ አበበን በረጅም ሌንስ ፊቱን ይዞ አይለቀውም፣ ትርፍ አንጀቱን ኦፕሬሽን ከሆነ ስድስት ሳምንት እንኳን አልሞላውም፣ ፊቱ ላይ ግን ምንም አይነበብም። እኔ ጅማቴ ተጎድቶ ሩጫ ሳቆም ካሜራ የያዝኩት ሰርግ ለመቅረጽ ነበር፣ ያንን ሳይ ነው የሯጭ ፊት ብቻውን ፊልም እንደሚሆን የገባኝ።

የመጀመሪያ የስፖርት ፊልሜን ስሰራ ካሜራዬን እንደማንኛውም ሰው መጨረሻው መስመር ላይ ተከልኩ፣ ኤዲት ልሰራ ስቀመጥ እጁን ያነሳ ሰው ብቻ ነው ያለኝ። ሩጫ የሚያልቀው እዛ አይደለማ! ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሮጣችሁ ታውቁታላችሁ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል፣ ሐረጎ ኩርባው ላይ ነው ሰው የሚለየው። ሯጭ ሲደክም መጀመሪያ እግሩ ላይ አይደለም የሚታየው፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይጠጋል፣ ጡጫውን ይጨብጣል፣ ያኔ ከሌሎቹ ወደኋላ ሊቀር ትንሽ ነው የቀረው። ሮጬ ስለማውቀው ኩርባው ሳይደርስ ባጃጁን አዘገየዋለሁ፣ ካሜራውን ጋቢ ላይ አድርጌ ጉልበቴ ላይ አስደግፈዋለሁ፣ እንዳይንቀጠቀጥ፣ እና ትንፋሹን እጠብቃለሁ። ስለዚህ ፊልሙ ከሐረጎ ይጀምር ነው የምለው፣ ከኛው መንገድ።

ገንዘብ ያዥ፦ እህቴ ሸጋ ብለሻል። እኔ'ምለው ረቂቁ በጀት ላይ ሃርድ ዲስክ ሁለት ለምን ሆነ? አንዱን ብንቀንሰው ለባጃጁ ነዳጅ ይሆናል።

ዳይሬክተሯ፦ እሱን በአላህ እንዳትነኪብኝ። የዛሬ ምናምን ዓመት ለአንድ ስቱዲዮ ያለኝን አንድ ዲስክ ለኤዲት ሰጥቼ ተበላሸ ተባልኩ፣ ውስጡ የአንድ አሰልጣኝ ሁለት ሰዓት ቃለ መጠይቅ ነበር፣ ሰውየው ዛሬ በህይወት የሉም። አንድ ኮፒ ማለት ምንም ማለት ነው። መብራት ኪራዩን ቀንሺው ከፈለግሽ፣ ቤት ውስጥ በመስኮት ብርሃን እቀርጻለሁ፣ ፍሎረሰንት ያለበት ቤት ከሆነም በሰከንድ 25 ፍሬም እየቀረጽኩ ሹተሩን፣ ማለት ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ካደረግኩት የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ምስሉ አይርገበገብም። ማይክ ግን አይቀነስም፣ የሽማግሌ ድምጽ በካሜራ ማይክ አይያዝም።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ ገባኝ፣ ሁለቱም ይቆዩ። መብራቱን ሰርዣለሁ።

አባል ከኮምቦልቻ፦ ሴቶቹስ? ፋብሪካ ሺፍት ጨርሰው ማታ ቦርከና ወንዝን ተከትለው የሚሮጡ እህቶች ነበሩን እኮ፣ አንዳቸውም ረቂቁ ላይ የሉም። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ ላነጋግር።

ጸሐፊ፦ ትክክል ነህ፣ የኔ ጥፋት ነው፣ ገብቷል።

የቀድሞ አሰልጣኝ፦ ልጆች እኔ ብዙ አልጽፍም። በ2014 በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ የያዝነው ልብስና ህጻናቱን ነው፣ ስንመለስ አልበሙም የለ ሜዳሊያውም የለ። የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ እዛው ደሴ ሆጤ ስንገናኝ ለካ ብዙዎቻችን ነን። የቀረኝ ኮት ኪስ ውስጥ የተረሳ አንድ የመወዳደሪያ ቁጥር ነው፣ ጨርቅ ነው፣ አራቱም ጥግ ላይ የመርፌ ቁልፉ ዝገት ቀርቷል። ለፊልም ይረባ እንደሆነ እንጃ።

ሰብሳቢ፦ ጋሼ ይቺን አላውቅም ነበር። እኔ ሀሳቤን አንስቻለሁ፣ አበበ ቃለ መጠይቅ ላይ ከተነሳ ይነሳ፣ እሱን አይተን ነው ሁላችንም የሮጥነው፣ ግን በሱ አንጀምርም። ፎቶ የሌለው ሰው ታሪኩ ያለው አፉ ላይ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ላይ በእድሜ የገፉት መጀመሪያ ይቀረጹ የሚል ይግባ፣ ሐረጎው ይደርሳል።

ዳይሬክተሯ፦ በዚህ እስማማለሁ፣ እንደውም ከኔ ሀሳብ ይሻላል። በቁጥሩ እንጀምር፣ ከዝገቱ ቀጥታ ወደ ሐረጎ እቆርጠዋለሁ።

ጸሐፊ፦ እንዲህ አድርጌ አስተካክዬዋለሁ፦ «ቀረጻው በእድሜ ከገፉት አባላት ቃለ መጠይቅ ይጀምራል፤ ሙሉው ቅጂ በሁለት ዲስክ ይቀመጣል፣ አንዱ ማህበሩ ጋ ይቆያል፤ የሐረጎው ሩጫ ከባድ መኪና ሳይበዛ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይቀረጻል።» የምትቃወሙ እስከ ቅዳሜ ማታ።

ዳይሬክተሯ፦ አልቃወምም። ጋሼ አደራ፣ ቁጥሩ እንዳይታጠብ፣ ዝገቱን በጣም ቀርቤ ነው የምቀርጸው።

የቀድሞ አሰልጣኝ፦ አብሽሪ ልጄ። ባለቤቴ ልታጥበው ከልብስ ጋር ዘፍዝፋው ልትሄድ ስትል ነው የደረስኩባት፣ አሁን ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።