ጣውላ ነጋዴው እንዴት አገረ ገዥ ሆነ?

ጎማና መንገድ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሚሺጋን ነው ያለሁት፣ የጭነት መኪና ነው የምነዳው። ዛሬ ፍሊንት ላይ ጭነት እስኪራገፍልኝ ስልኬን ስጎረጉር ሄንሪ ክራፖ የሚባል ሰውዬ አገኘሁ። ጣውላ ነጋዴ ነበር፣ በኋላ የግዛቱ አገረ ገዥ ሆነ ይላል። ወንበሩን በብር ነው የገዛው? የሚያውቅ ያጫውተኝ።

የጣውላ ተራ ልጅ፦
አባቴ ጣውላ ይሸጥ ስለነበር ይሄን ሰውዬ አጥብቄ ነው ያነበብኩት። በፈረንጆቹ 1804 ማሳቹሴትስ ውስጥ ተወለደ፣ የገበሬ ልጅ ነው። ቤታቸው መዝገበ ቃላት አልነበረም። ያልገባውን ቃል በወረቀት ያጠራቅምና ኒው ቤድፎርድ ከተማ ድረስ በእግሩ ሄዶ ፍቺውን ይዞ ይመለሳል። እንዲህ እያለ የራሱን መዝገበ ቃላት ሠራ። ከዚያ አስተማሪ፣ ቀያሽ፣ የከተማ ግብር ሰብሳቢ ሆነ።

ጣውላው የመጣው ከ50 ዓመቱ በኋላ ነው፤ ያውም አስር ልጅ ወልዶ፣ ዘጠኙ ሴቶች! እዚህ ሚሺጋን፣ ላፒር አካባቢ የጥድ ደን ገዛ። ግንዱ በወንዝ እየተንሳፈፈ ፍሊንት ይደርሳል፣ እዚያ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን ማውጣት ግን መከራ ነበር። ስለዚህ ከፍሊንት እስከ ሆሊ ከተማ የሚደርስ የባቡር ሐዲድ አሠራ፣ በ1864 ተከፈተ።

የፍሊንት ከንቲባ ሆነ፣ ቀጥሎ የግዛቱ ሴናተር፣ ከ1865 እስከ 1869 አገረ ገዥ። እኔን የገረመኝ ምን መሰለህ? ከተሞች ሕዝቡን ግብር አስከፍለው ለባቡር ኩባንያ ይርዱ የሚሉ ሕጎች ሲመጡለት አልፈርምም አለ። ዕዳው ሕዝቡን ይጫነዋል ብሎ። የባቡር ባለቤት ሆኖ እኮ ነው!

ዝግባ፦
ቅዱስ አታድርገው እንጂ ወንድሜ። ያ መሬት ኦጂብዌ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝብ ነበር፣ በውል ነው የተወሰደባቸው። ጥዱንም እሱና መሰሎቹ ሙልጭ አድርገው ጨረሱት።

የጣውላ ተራ ልጅ፦
እሱስ ልክ ነህ። አባቴም ዛፍ ሲተክል አይቼው አላውቅም።

ጎማና መንገድ፦
ሀብቱስ ማን ጋ ቀረ?

የጣውላ ተራ ልጅ፦
የልጅ ልጁን ዊልያም ዱራንትን ፈልገው። ትምህርቱን ትቶ አያቱ ባቋቋመው የጣውላ ግቢ ሥራ ጀመረ። በ1886 ወደ ጋሪ ሥራ ገባ፣ በ1908 ጄኔራል ሞተርስ የሚባለውን የመኪና ኩባንያ መሠረተ።

ጎማና መንገድ፦
አትለኝም! ያመጣሁት እኮ የመኪና መቀመጫ ነው። በሉ አራገፉልኝ፣ ልንቀሳቀስ።